ተበክሏል ብዬ ያስጣልኩት ደም

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ስዘረዝር ቆይቼ ይህችን አንዷን ከምላሴ ሥር ደብቄ እነሣለሁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሌላ የቀረ አለ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። የለም እላለሁ። እንግዲህ ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገር። ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኝ ይሆናል።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ የምተዳደረው በደም ምርመራ ሙያ ነው። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የጥናት ቡድን ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ያለውን የዓይን በሽታ ሊያጠና መጣና እኔን ቀጠረኝ። በዚያ አገር አንድ ትልቅ ዘር አለ። ከልጆቻቸው አንዳንዱን ዳፍንት ይይዘዋል። መጀመሪያ ሲመሽ መንገድ ይጠፋበታል፤ ከዚያ ግራ ቀኙን ማየት ይተዋል፤ ጎልማሳ ሲሆን ጨርሶ ይጨልምበታል። ሰው ሁሉ "የዕውር ቤት" ይላቸዋል። እኔ ቤት ለቤት እየዞርኩ ደማቸውን ቀዳሁ፤ ማን ከማን እንደተወለደ ጠየቅሁ።

ምክንያቱ ቶሎ አልተገኘም። የመጀመሪያው ማሽን የሰውን ዘረመል ቆራርጦ በአጭር በአጭሩ ስለሚያነብ ትልልቁን ለውጥ ይዘለዋል። ረዘም አድርጎ የሚያነበው አዲሱ ማሽን ሲመጣ ግን ነገሩ ተገለጠ። በሁላችንም ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ የዘረመል ቁራጮች አሉ። ራሳቸውን ይገለብጡና ቅጂያቸው ሄዶ ሌላ ቦታ ይሰነቀራል። ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። በእነዚህ ሰዎች ላይ ግን አንዱ ቁራጭ ዓይንን የሚጠብቀው ዘረመል መሃል ገብቶ ተቀምጧል። ዳዊት የሚገለብጥ ጸሐፊ ከሌላ ገጽ አንድ መስመር አምጥቶ ቃል መሃል ቢያስገባ ቃሉ እንደሚበላሽ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ፤ በደሌ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰርጎ ገብ ከአንድ ወላጅ ብቻ ከተወረሰ ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ከእናትም ከአባትም ከመጣ ግን ዓይን ይጠፋል። ደግሞም ያው ቁራጭ በዚያው ቦታ ላይ በሁለት ሰዎች ከተገኘ አጋጣሚ አይደለም። ድሮ በአንድ ቅድመ አያት ላይ አንዴ የወደቀ ነገር ነውና፣ ሁለቱ ዘመድ ናቸው።

ታናሽ እህቴን የዝናን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እናታችን ስትሞት ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከዚያው ከዕውር ቤት ዘር የሆነ አንተነህ የሚባል ጎበዝ ሽማግሌ ላከባት። ቡሬ ላይ እህል ይነግዳል። እሷም ወደደችው። አንተነህ ለጥናቱ ደም ሰጥቶ ስለነበር አንድ ቅጂ እንደያዘ ያውቃል፤ አልደበቀም፤ ራሱ መጥቶ ለአባታችን ተናገረ። ይህን የምጽፈው እሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ እኔም ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እንድታዩ ነው።

አባባ እንቢ አሉ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቤቱ ግን የዕውር ቤት ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል አሉ። እኔ ተነሥቼ ተሟገትኩ። ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ምንም እንደማይመጣ፣ የእኛ ወገን ደግሞ ንጹሕ እንደሆነ ደጋግሜ አስረዳኋቸው። የሰውን ሁሉ ፍርሃት ድንቁርና ነው አልኩ። በመጨረሻ ሳቁና "እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ" ብለው ፈቀዱ። እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም።

ጥናቱ ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሰው ደም ይፈልግ ስለነበር የራሴንም ሰጥቼ ነበር። ከጋብቻ በፊት የሚደረገው የዘር ቆጠራ ትንሽ ሲቀረው ውጤቱ መጣ። ከጤነኞቹ መካከል አንዱ ላይ ያ ሰርጎ ገብ፣ በዚያው ቦታ፣ ተቀምጧል። የናሙናውን ቁጥር ደጋግሜ አየሁት። ቁጥሩን የሰጠሁት እኔ፣ ደሙ የእኔ። የደም ማሰሪያው ገና ክንዴ ላይ ያለ ይመስል ክንዴ ከበደኝ።

እኔ ከያዝኩት የዝና የመያዟ ዕድል ቢያንስ እኩል በእኩል ነው። ማወቅ ቀላል ነበር፤ ጉንጯን ከውስጥ በጥጥ መንካት ብቻ ይበቃል። አልነካሁም። ለምን አልነካሁም? ካወቅሁ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ከተናገርኩ ያ ሁሉ ሙግቴ ውርደት ሊሆን ነው፤ እኛም የዕውር ቤት ልንባል ነው። ያኔ እኔንም አንድ የመራዊ ሰው ለጋብቻ ያስጠይቀኝ ነበር፤ እሱንም ፈርቼ ነበር፤ ሰውየው ኋላ በራሱ ምክንያት ቀረ። ለቡድኑ ያ ናሙና ተበክሏል፣ ከሌላ ደም ጋር ሳይቀላቀል አልቀረም አልኳቸው። አመኑኝ። ደሜን ከጥናቱ አስወጡት። እኔ ነኝ ያስወጣሁት፤ እኔ ነኝ ተበክሏል ያልኩት፤ ያልተበከለ ደሜን።

የቆጠራው ቀን ሽማግሌዎቹ ከግቢያችን ዋርካ ሥር ተቀመጡ። በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። አባባ ዘር ቆጣሪ ናቸው፤ የሰውን ሁሉ አጥንት እሳቸው ናቸው የሚቆጥሩ። የራሳቸውን መዘርዘር ጀምረው ከአያታቸው ስም ሲደርሱ የአንተነህ አጎት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያ ሰው በሕፃንነቱ ከእነሱ ወገን ተወስዶ፣ ማር የተቀባ ጣት እንደ ጡት ጠብቶ፣ በመሐላ የእናንተ ልጅ ሆነ ሲባል ሰምቻለሁ አሉ፤ እንደ ነውር ቀስ ብለው ነው ያሉት። አባባ ፊታቸው አልተለወጠም።

"ጡት የጠባ ልጅ ከጡቱ ይቆጠራል እንጂ ከማሕፀን አይቆጠርም" አሉ። "አባቶቻችን የማሉትን እኛ አናነሣም።"

ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ ልክ ነው አሉ። ልክም ነው፤ በመሐላው ሕግ ያ ሕፃን ልጃቸው ነው፤ ወልደውታል ማለት ነው። ደም ግን መሐላ አይሰማም። በደሜ ውስጥ ያለው ነገር በየት በር እንደገባ ያን ጊዜ አየሁት። ከመካከላቸው ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። እንዲህ ባለ ቦታ ሴት አትጠየቅም፤ እሳቸው ግን በእኔ ይመኩ ነበር። ደም የምታነቢ አንቺ ነሽ፣ የምትጨምሪው አለሽ ወይ አሉኝ።

"አባባ ቆጥረውታል" አልኩ። "እኔ ምን እጨምራለሁ?"

ጨዋ ልጅ ተባልኩ። አንዱ ሽማግሌ መረቁኝ። ውሸት እንኳ አልዋሸሁም፤ ከውሸት የከፋውን በአክብሮት ጠቅልዬ አቀረብኩት። ሠርጉ ተደገሰ። የዝና ስትስቅ አየኋትና ምናልባት አልያዘችም አልኩ። ደጋግሜ አልኩት። ሰው በሌላ ሰው ዓይን ዕጣ ይጥላል? እኔ ጥያለሁ።

ልጅ ወለዱ፤ ሴት፤ ሀና አሏት። በየበዓሉ ቡሬ ስሄድ ሌላው ሰው ጉንጯን ሲስም እኔ ዓይኗን እመረምር ነበር። አንድ ቀን ከጎረቤት ልጆች ጋር ደጅ ስትጫወት ፀሐይ ገባች። ልጆቹ ሮጠው ወደየቤታቸው ገቡ። ሀና ከግቢው መሃል ቀረች። ቀኝ እግሯን ቀድማ አውጥታ መሬቱን ነካ ነካ አደረገች፤ ከዚያ ግድግዳውን እስክታገኝ እጇን ዘርግታ ሄደች። አላለቀሰችም። ለምዳዋለች።

እናቷ ከውስጥ ነበረች። እኔ ብቻ አየሁ፤ አይቼም ዝም አልኩ። ቆይተው ራሳቸው ሲደርሱበት አንተነህ መጣና ከሁለት ወገን ካልመጣ አይሆንም ብለሽን አልነበር ወይ አለኝ። ዳፍንት ሁሉ የዘር አይደለም፣ የምግብ እጥረትም ያመጣዋል አልኩት። ይህም እውነት ነው፤ በሌላ ልጅ ላይ እውነት ነው። ካሮት፣ ጎመንና ጉበት አብሏት አልኩ። ሁለቱም አመኑኝ። የዝና በየገበያው ቀን ካሮት ትለቅም ነበር። ልጅቱ ካሮት እስኪያቅራት በላች፤ ግራ ቀኟም እየጠበበ ሄደ።

አባባ ይህን ሳያዩ አረፉ። በእሳቸው ክብር ማመካኘት ይቻለኝ ነበር፤ አሁን ያም የለም። እንግዲህ ዝም የምለው ማንን ልጠብቅ ኖሯል? ራሴን ነው። ጎረቤት ግን ዝም አላለም። እናቲቱ ብትበድል ነው ይሉ ጀመር፤ ወሬው ፍኖተ ሰላም እኔው ዘንድ ደረሰ። እህቴ ሰማችው፤ አመነችውም። ልጅቱን ይዛ ጸበል ለጸበል ዞረች።

ዛሬ የዝና ነፍሰ ጡር ናት፤ መውለጃዋ ተቃርቧል። ለእያንዳንዱ ልጃቸው ዕጣው ከአራት አንድ ነው፤ የዚህኛውም ከተጸነሰ ጀምሮ ተጥሏል፣ ምን እንደወጣለት ግን ገና አናውቅም፤ በጊዜ ብናገር ኖሮ አውቃ ትወስን ነበር። ባለፈው ለክትትል መጥታ እኔ ጋ አደረች። ጠዋት ወተት ይዤ ስገባ ከበሩ ጀርባ ወለሉ ላይ አገኘኋት። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። ጉልበቷ ተላልጧል።

ቄሱ ናቸው ወይ ያዘዙሽ አልኳት። የለም፣ እንዲያውም ከልክለዋታል፤ ራሷ ናት የጀመረችው።

"ምን አጥፍተሽ ነው?" አልኳት።

"እሱን ነው ያላወቅሁት፣ እታለም" አለችኝ። "ሳላውቅ ያጠፋሁት አለ። እሱን ንገረኝ እያልሁ ነው የምሰግድ። የሚመጣውን እንኳ እንዲተውልኝ።"

እኔ ምን አልኩ? ወተቱ ይቀዘቅዛል አልኩ። ይህን ብቻ። ብብቷን ደግፌ አነሣኋትና ጽዋውን አስያዝኳት፤ እሷም አመሰገነችኝ።

ከእናንተ ይቅርታ አልፈልግም፤ ዓይናችሁን አልነካሁም። አላወቅሁም ነበር አልል፣ አውቄያለሁ። ፈርቼ ነው አልል፣ እህቴን ጨለማ ውስጥ የተውኳት ከፍርሃት ይልቅ ለስሜ ስል ነው። ነገ በማለዳ ሚኒባስ ቡሬ እሄዳለሁ። ምናልባት ታባርረኛለች፤ ሀናንም ዳግመኛ አላያት ይሆናል። የዝና ግን አሁንም በቤቷ ከበሩ ጀርባ ትሰግዳለች፣ ያላጠፋችውን ንገረኝ እያለች። የምሄደው ይቅር በዪኝ ልላት አይደለም። እሱን የመናገር ፊት የለኝም። ተነሺ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ልላት ነው።