የቁጥር ቀን

ቤቴል መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ሐሙስ የቁጥር ቀን ነው። ጠዋት የምንቆጥርባቸውን ቆርኪዎች በበረኪና ሳጥብ፣ ሽታው ወደ ልጅነቴ ይመልሰኛል።

እማዬ ቆሼ፣ የቆሻሻው ክምር ላይ፣ ዕቃ ትለቅም ነበር። ለቁጥር ትምህርት ቆርኪ አምጡ ስንባል፣ ሦስቴ በበረኪና አጥባ አንድ ፌስታል ሙሉ አስያዘችኝ።

«የቆሼ ነው፤ አልነካም!» አለ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ። አንገቴን ደፋሁ።

ቲቸር አንዱን አንስታ አሸተተችና ግንባሯ ላይ ለጠፈችው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ሁሉም ለመለጠፍ ተሻሙ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እናትሽ እኮ አስተማሪ ናት» አለችኝ። ግራ ገባኝ፤ እማዬ ፊደል አልቆጠረችም።

ዛሬ እማዬ አዲስ ቆርኪ ይዛልኝ መጣች። በሩን ስትከፍት፣ ተማሪዎቼ እንዳስለመድኳቸው ወደ እሷ ዞረው ብድግ አሉ።

«እንደምን አደሩ፣ ቲቸር!»