ስሙን ብጠራው አልዞረም

ባለቤቴን በስሙ የጠራሁት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። ነገሩ የሆነው አምና ነው፤ ቦታውም ከሮቤ እጅግ ርቆ፣ ባንኮክ ከተማ ውስጥ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ አንዴ እስቃለሁ፣ አንዴ ሆዴ ይባባል።

መጀመሪያ የስሙን ነገር ላስረዳ። ሁለታችንም ሮቤ መምህራን ነን። ከመጋባታችን በፊት እንደ ተማሪዎቹ «ቲቸር» ነበር የምለው። ከተጋባን በኋላ ባልን ቲቸር ማለት ደስ አላለኝም። «ደረጀ» ልበለው ብል ደግሞ አፌ እምቢ አለ። ጎባ ባደግሁበት ቤት እናቴ አባቴን በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ ምን ቀረ? «አንተ» ቀረ። ጓዳም ገበያም በስልክም «አንተ» ነው የምለው።

ደረጀ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆነ አገር በካርታ ማሳየት ሰልችቶኛል ይላል። ትምህርት ሲዘጋ ሻንጣችንን በጀርባችን አዝለን እንወጣለን። ጎረቤቶቻችን «ቱሪስቶቹ መጡ» እያሉ ይስቁብናል።

ባንኮክን ከማየታችን ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ከጎባ ተነስተን የሳነቴን አምባ አቋርጠን ወደ ሪራ መንደር በእግር ስንጓዝ ጉም ወረደብን። እሱ ቀይ ቀበሮ አየሁ ብሎ ካሜራውን ይዞ ከመንገድ ወጣ። ብጠብቀው ብጠብቀው የለም። ፈራሁና «አንተ! አንተ!» እያልኩ መጮህ ጀመርኩ።

«አቤት!» አለ ከጉሙ ውስጥ የማላውቀው ድምፅ። ፈረስ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ብቅ አሉ።

«እርስዎን አይደለም አባባ፣ ባሌን ነው» አልኳቸው በሀፍረት።

«እኔም እኮ አንተ ነኝ» አሉ እየሳቁ። «ማቃን ኢሳ ኤኙ? ስሙ ማነው?»

በሹክሹክታ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን በኦሮምኛ «ያ ደረጀ!» ብለው ሲጣሩ ጋራው አስተጋባ። ደረጀ እየሮጠ መጣ፤ ካነሳው ፎቶ ላይ ያለው ጉም ብቻ ነበር። ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ወደ ሪራ ይመለሱ ስለነበር ፈረሳቸውን ተከትለን ወረድን። እቤታቸው አሳደሩን፣ ማርም አበሉን።

ስንሰናበታቸው ወደ እኔ ዞረው «ሁለተኛ ሲጠፋብሽ በስሙ ጥሪው እሺ? አንተ እያልሽ የሰው ባል ሁሉ እንዳትሰበስቢ» አሉኝ። ደረጀ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ነው ለአጭር ሥልጠና ባንኮክ የመሄድ ዕድል የደረሰኝ። ደረጀም ተከተለኝ። ሥልጠናው ሲያልቅ ያንኑ ሻንጣ አዝለን ከተማውን ስንዞር ሰነበትን። በዚያ ሙቀት ጋቢውን ጠቅልሎ ከሻንጣው አናት ላይ አስሮ ይዞራል። «ለአውሮፕላኑ ብርድ ነው» ይለኛል።

አንድ ቀን ሰው ከሰው በሚጋፋበት ገበያ ውስጥ ጫማ ለማየት ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ደረጀ የለም። ፓስፖርቴም ስልኬም እሱ ሻንጣ ውስጥ ነው። ያረፍንበት ቤት ስም ለአፍ ስለሚከብድ እሱ ያውቀዋል ብዬ አልያዝኩትም። ወዲያ ወዲህ ብል ሁሉም መንገድ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ እንባዬ መጣ።

ማንጎ የምትሸጥ አንዲት ሴት ፊቴን አየችና የተቀመጠችበትን የፕላስቲክ በርጩማ ለቀቀችልኝ። ውሃም ሰጠችኝ። ቋንቋ አንግባባም፤ እጄን ይዛ አጠገቤ ቆመች። ውለታዋን መቼም አልረሳውም።

ድንገት ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ባቡር ጣቢያው በሚያስወጣው ደረጃ ላይ ጋቢው ታየኝ። ቀድሜው የሄድኩ መስሎት ሊሳፈር ነው! በመሀላችን መኪናው ያለማቋረጥ ይነጉዳል። ያ ባቡር ይዞት ከሄደ የት ብዬ አገኘዋለሁ?

የሪራው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። በርጩማው ላይ ወጣሁና «ደረጀ!» አልኩ። አፌ ውስጥ ባዕድ ሆነብኝ። ደግሜ «ደረጀ!» ብዬ ጮህኩ። ቆም አለ። ግን ሳይዞር መውጣቱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩበትም ያቀድኩትም ነገር የለም፤ ከአንጀቴ «አንተ!» ብዬ ጮህኩ።

ዞረ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደ፣ መንገዱን እንዴት እንደተሻገረ አላውቅም። ፊቱ አመድ መስሎ አጠገቤ ደረሰ። ደረቱን በጡጫ መታሁትና እዚያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ማንጎ ሻጯም አብራን እንባዋን ጠረገች።

ትንሽ ስረጋጋ «ስጠራህ ለምን አልዞርክም?» አልኩት።

«ደረጀ ሲባልማ ሰምቻለሁ» አለኝ። «አንቺ ደረጀ ብለሽኝ ስለማታውቂ፣ ሌላ ሐበሻ ባሏ የጠፋባት መሰለኝ። ምስኪን፣ እግዜር ያገናኛት ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ስሙን ልልመድ ብዬ አልሞከርኩም። ሮቤ ገበያ «አንተ!» ስል ዛሬም ሽንኩርት ሻጩም ባጃጅ ነጂውም ዞር ይላሉ። ሰው ቢስቅብኝ ግድ የለኝም። ሁሉም ዞሮ ሲያበቃ ደረጀ እጁን ከፍ ያደርግና አጠገቡ ላሉት «እኔን ነው፤ የኔዋ ናት» ይላል።