ጥቁሩ አራት ማዕዘን

ልጄ «ካልጋበዝኩሽ» ብላ መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር የወሰደችኝ ካፌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ነጭ ሸራ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር አራት ማዕዘን፣ ሌላ ምንም። ከሥሩ ተማሪዎች ፎቶ ይነሳሉ። ልጄ የምትማረው አርክቴክቸር ስለሆነ ልታስረዳኝ ፈለገች። «እማ፣ ይሄን የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ አንድ ሩሲያዊ ነው የሣለው። ላንቺ ግን ምንም አይመስልሽም» አለችኝ። ወይ የዛሬ ልጆች! እኔ ያንን ሥዕል ያወቅኩት እሷ ሳትወለድ ነው። ማኪያቶዬ እስኪቀዘቅዝ አየሁት።

አባቴ ከወሎ መጥቶ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ የምንኖረው ከሱቁ ጀርባ፣ አደይ ለተብርሃን የሚባሉ እናት ግቢ ተከራይተን ነው። አደይ ለተብርሃን ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቁ ሐጎስ ገና በልጅነቱ ከታጋዮቹ ጋር በረሃ ወጣ። ደርግ ወደቀ፤ የሌላ ሰው ልጅ ተመለሰ፣ ያልተመለሰውም መርዶው መጣ። የሐጎስ ግን ወሬው የለም። ጎህ ሲቀድ በር ከተንኳኳ እናቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ መርዶ ነጋሪ የሚመጣው ያን ጊዜ ነዋ።

ታናሹ ኪሮስ እኩያዬ ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ትምህርት ቤት ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ልጅ! ሩሲያ የተማረ አስተማሪው ያዋሰውን መጽሐፍ ይዞ ይመጣና ደረጃው ላይ በለስ እየላጥን ያሳየኛል። ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ሰያፍ መስመር፣ ከዚያ ያ ጥቁር ነገር።

«ይሄ ምኑ ነው ሥዕል? ሰው የለው፣ ዛፍ የለው!» አልኩት።

«ቁም ነገሩ እሱ እኮ ነው፣ ዘሃራ። የምንም ነገር መልክ አይደለም። ራሱን ብቻ ነው።»

«ለመግቢያ ፈተናው ይዤው የምሄደውን እንደዚህ እሠራለሁ» አለ። የዘይት ቀለም ያኔ መቀሌ ከየት ይምጣ? ከአባቴ ሱቅ አቡጀዲና ጥቁር የልብስ ቀለም ወሰደ። ያን ቀለም የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ ልብሱን የሚያጠቁር ሐዘንተኛ። ስኳር ልትገዛ የቆመች ጎረቤት አየችው። ስኳሯን እንኳ ሳትወስድ ወጣች።

ኪሮስ ሥዕሉን ጨርሶ እንዲደርቅ ከግቢው በር አጠገብ ፀሐይ ላይ አቆመው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያለችው ደማቅ ፀሐይ ነበረች። አደይ ለተብርሃን በርበሬ ገዝተው ከገበያ ሲመለሱ ግቢው ደረት በሚመቱ ሴቶች ሞልቷል። «ዋይ ሐጎስ! ዋይ ወደይ፣ ዋይ ልጄ!» ይላሉ ሴቶቹ። በርበሬው መሬት ላይ ተበተነ።

ኪሮስ ሮጦ እናቱን ያዛቸው። «ኣደ፣ ሥዕል ነው! ሐጎስ ሞተ ያለ የለም!» እኔም ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። ምን ዋጋ አለው! በአገራችን መርዶ ይደበቃል። የሞተው «ትንሽ አሞታል» ይባላል፣ እናት እንዳትደነግጥ ስንቱ ይዋሻል። ታዲያ «አልሞተም» ያላቸውን ሁሉ እንዴት ይመኑ?

ኪሮስን ትክ ብለው አዩት። «ከሰማህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አሉት። «እስከ ዛሬ እንዴት ቻልከው፣ ልጄ?»

ሴቶቹ ስህተታቸው ገብቷቸው በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ፤ ያ ደግሞ ለእናቱ ይባስ አረጋገጠላቸው። የተረፈውን ቀለም አፍልተው ልብሳቸውን አጠቆሩ። ኪሮስ ሥዕሉን ሊቀደው ሲል ከእጁ ነጠቁት። ሐጎስ ፎቶ ሳይነሳ ነበር የሄደው። ሳሎን ሰቀሉትና ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ፎቶ የለውም፤ ልጄ ይሄ ነው» ይሉ ነበር። ኪሮስ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ራቱን ይበላል። አዲስ አበባም አልሄደ፣ እርሳስም አልጨበጠ።

ከዓመታት በኋላ የድንበሩ ጦርነት መጣና ኪሮስም ሄደ። የእሱ መርዶ በወጉ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከሽማግሌዎች ጋር መጣ። አባቴን ልጠይቅ መጥቼ እዚያው ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ከየት እንደሚጀምሩ ሲጨነቁ አደይ ለተብርሃን ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አዩ።

«ሰፊ ነው» አሉ። «ለሁለቱም ይበቃል።»

እሳቸውም አለፉ። ሐጎስ ይሙት ይኑር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አንዲት እናት የሞተውንም ያልታወቀውንም በአንድ ጨርቅ ስታለቅስ ኖራ ሞተች፤ በዚህ የሚጽናና ሰው ካለ ይጽናና፣ እኔ አልቻልኩም።

«እማ፣ ይሄን ያህል ምን ታየሽ?» አለችኝ ልጄ።

«ሁለት ወንድማማቾች» አልኳት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ከዚያ ከሥሩ እንድቆም ስልኳን አወጣች። አልቆምም አልኳት።