የብረቱ ሰውዬ ባትሪ

እናቴ መተማ ላይ ሻይ ቤት ነበራት። ደንበኞቿ ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። እነሱን የሚስባቸው ግን ሻይዋ አልነበረም፤ ቴሌቪዥኗ ነበረች። ጥቁርና ነጭ፣ በትራክተር ባትሪ የምትሠራ። ባትሪው የጎረቤታችን የእርሻ ባለሀብቱ ንብረት ስለሆነ ትራክተሩ በሚያርስበት ወቅት እኛ ዓለምን አናይም። አንቴናውን ወደ ጎንደር ስናዞረው ጉንዳን ሲርመሰመስ ብቻ ያሳየናል፤ ወደ ሱዳን ስናዞረው ግን ጥርት ይላል። ስለዚህ የእኔ የልጅነት ካርቱን ሁሉ በአረብኛ ነው። አዲስ አበባ ያደጉ ጓደኞቼ ስለ ልጅነታቸው ቴሌቪዥን ሲያወሩ እኔ ሻይ ልቅዳ ብዬ እነሳለሁ።

ከሁሉም የምወደው የብረቱን ሰውዬ ነበር። ከሌላ ፕላኔት የወደቀ፣ ደረቱ ላይ መብራት ያለው፣ መብራቱ ከጠፋ የሚሞት። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል። ሠራተኞቹ አረብኛ ስለማያውቁ የምተረጉምላቸው እኔ ነበርኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን ያህል ታውቃለች? ያልገባኝን ከራሴ እጨምርበታለሁ። በተለይ አንድ ወጣት ጎጃሜ ፋታ አይሰጠኝም። ሰውዬው መሬት አለው ወይ? ይህን ሁሉ ጠላት ብቻውን ሲዋጋ ዘመዶቹ የት ሄዱ? አላገባም? ሁለት ሚስት ፈትቷል ብዬ ተገላገልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎጃሜው የብረቱን ሰውዬ እንደ ወንድሙ ያዝንለት ጀመር።

የመጨረሻው ክፍል ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው የሰውዬው መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። በዚያው ዕለት የእኛም ቴሌቪዥን ጭስ አወጣች። ሻይ ቤቱ ሐዘን ተቀመጠ። ጎጃሜው ለሰውዬው የትራክተሩን ባትሪ ቢሰጡት ምን ነበረበት እያለ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። እኔ ሰውዬው መትረፉን ሳላውቅ እህል አልቀምስም አልኩ። እናቴ ለእኔ ሳይሆን ለደንበኞቿ ብላ ቴሌቪዥኗን በጆንያ ጠቀለለቻት፤ የድንበሩን ድልድይ ተሻግረን ሱዳን ገላባት ላለ ጠጋኝ ሰጠናት።

በሁለተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀብለን ስንመለስ፣ በሱዳን በኩል ያለው ኬላ ላይ አንድ ሹም አስቆመን። ዕቃው የእናንተ ለመሆኑ ወረቀት የታለ አለ። እናቴ የገበያ አረብኛ አታጣም። የእኔ የቴሌቪዥን አረብኛ እንደሚበልጥ እርግጠኛ ስለነበረች ግን በክርኗ ወደ ፊት ገፋችኝ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። የካርቱን አረብኛ የመጽሐፍ አረብኛ ነው፤ ገላባት ውስጥ እንደዚያ የሚያወራ ሰው የለም። እኔ ምን አውቄ? ደረቴን ነፍቼ፣ የብረቱ ሰውዬ ጠላቶቹ ፊት ቆሞ እንደሚናገረው ተናገርኩ።

«የጦር አለቃ ሆይ፣ በፍትሕ ስም እጠይቅሃለሁ፣ በሩን ክፈት፤ ጊዜው እያለቀ ነው።»

ሹሙ እየሳቀ ጓደኞቹን ጠራ። ድገሚው አሉኝ፣ ደገምኩት። ሻይ የሚያፈላላቸው ሰውዬ መጣ፣ ለእሱም ደገምኩት። እናቴ ልጇ የተደነቀች መስሏት ኩራት በኩራት ሆነች። እኔ ግን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እያየሁ የእናቴን ቀሚስ እጎትት ነበር።

በመጨረሻ ሹሙ ዕቃው መፈተሽ አለበት አለ። ቴሌቪዥናችንን ቢሮ አስገብተው ከመኪናቸው ባትሪ ጋር አገናኟትና በሩን ዘጉት። ፍተሻ ላይ ስለሆነ መግባት ክልክል ነው ተባልን። ኒም ዛፍ ሥር ቁጭ እንዳልን የብረቱ ሰውዬ መግቢያ ዘፈን በመስኮቱ መጣ። የመንግሥት ሥራ እንዲያ በትጋት ሲሠራ ከዚያ ወዲህም አላየሁም፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው ለሽንት እንኳ አልወጣም። አንጀቴ እርር አለ። እናቴ ነገም አለ ስትለኝ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ነገ ብሎ ነገር የለም፣ የመጨረሻው ነው።

ሹሙ ቴሌቪዥኗን ታቅፎ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አቧራው ማንን ይምራል ብዬ አለፍኩት። የወረቀቱን ነገር ጨርሶ አላነሳም። ፊቱ ቆሜ፣ በዚያው በመጽሐፍ አረብኛ፣ መብራቱ ጠፋ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አየኝና ጎንበስ አለ። እሱም እንደ እኔው በመጽሐፍ አረብኛ፣ ቀስ ብሎ መለሰልኝ።

«አልጠፋም። ሌላ ባትሪ አገኙለት፤ አገሩ ገባ።»

ሻይ ቤት ስንደርስ ሠራተኞቹ ተኮልኩለው ይጠብቁናል። ሹሙ ያለኝን ነገርኳቸው። ጎጃሜው የምን ባትሪ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የትራክተር አልኩት። አላልኳችሁም ወይ እያለ አንድ በአንድ ዞራቸው። ሹሙን ግን ይቅር አላልኩትም። የእኔን ቴሌቪዥን፣ የእኔን ሰውዬ፣ እሱ አየውና እኔ ሳላየው ቀረሁ። ስንት ዓመት ረገምኩት።

አድጌ ገንዳ ውሃ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ኮምፒውተራችን ሆዱ እንደ እናቴ ቴሌቪዥን የተነፋ፣ ዳንቴል የለበሰ ነበር። አቧራ ቫይረስ ያመጣል ተብሎ ክፍሉ የሚገባው ጫማ ወልቆ ነው። ኢንተርኔት የገባ ሰሞን መጀመሪያ የፈለግኩት የሥራ ጉዳይ አልነበረም። የመጨረሻው ክፍል እየቆመ እየሄደ በሦስት ቀን ወረደልኝ፤ አለቃዬ ሪፖርት የምሠራ መስሎት አመሰገነኝ። በባዶ እግሬ ተቀምጬ አየሁት። መብራቱ ጠፋ። ከወደቀበት ያነሳው ሽማግሌ ደረቱን ቢያንኳኳ፣ ቢያንኳኳ አልበራም። ሌላ ባትሪ የሚባል ነገር የለም። ያ ዓይኑ የቀላ ሹም ዋሽቶኛል። አለቃዬ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠና ያሉ ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው። በአነጋገራቸው አወቅኳቸው። ያ ጎጃሜ ናቸው፤ ለአጨዳ እንደመጡ እዚሁ ቀርተዋል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው ማመልከቻውን ረስተው ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ።

«ያ የብረቱ ሰውዬ እዚህ ውስጥ አይገኝም? እንዴት ሆኖ ይሆን?»

ዳንቴሉን ጎትቼ ኮምፒውተሩን ሸፈንኩት።

«ደህና ነው፣ ጋሼ። አገሩ ነው።»

«አገባ?»

«አግብቷል» አልኳቸው። «ልጆችም ወልዷል።»