«ያን ያህል ለውጥ የላቸውም»

ሰፈሩ «ጋሽ ሴንቲ» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን እንኳ ሦስት ጊዜ ካልለኩ መቀስ አያነሱም። ታዲያ እኚህ ጥንቁቅ ልብስ ሰፊ አንድ ነገር ሳይለኩ ቆረጡ፤ እሷም አንዲት ቃል ነች።

ልጃቸው ለሠርጓ ሦስት ወር ሲቀራት ፊቷና እግሯ ያብጥ ጀመር። የቬሎዋን ወገብ ሁለት ጊዜ አሰፉላት። ሐኪሟ ሉፐስ የሚባል በሽታ ነው አለች፤ የገዛ ሰውነቷ ኩላሊቷን እንደ ጠላት ቆጥሮ እያጠቃው ነው። ጋሽ ሴንቲ ግራ ገባቸው። ሰው ከጎረቤቱ ሲጣላ ያውቃሉ፤ ከኩላሊቱ ሲጣላ ግን ሰምተው አያውቁም።

ልጅቷ ለሽንት ምርመራ ስትወጣ ሐኪሟ አባትየውን አስቀመጠቻቸው።

«አባት፣ ሁለት መድኃኒት አለን። አንዱ በወር አንዴ በደም ሥር ይሰጣል፤ ሌላው በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው። ብዙ ሰው ላይ ተወዳድረዋል፤ ያን ያህል ለውጥ የላቸውም።»

ከዚያ ወዲያ ስለ መውለድ፣ ስለ ደም ምርመራ ብዙ ተናገረች። የእሳቸው ጆሮ ግን እዚያችው «ለውጥ» ላይ ቀረ። ሚስታቸው በሞት አልጋ ላይ ሳለች ነርሷ በየጠዋቱ የምትላቸው ይህንኑ ነበር፦ «ዛሬም ለውጥ የላትም።»

«ተማከሩና ሐሙስ ኑ» ተባሉ።

ቤት ሲገቡ ልጅቷ «አባዬ፣ የቱ ይሻላል አለችህ?» ስትል ሊዋሹ ፈለጉ፤ ውሸት አልሆንላቸው አለ።

«ሁለቱም ለውጥ የላቸውም አለች፣ ልጄ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ነገሩ ዞረባቸው። ለውጥ የሌለው መድኃኒት ለምን ይታዘዛል? የማይታዘዝ ከሆነስ ሐሙስ ኑ ምን ማለት ነው? አንዴ ሐኪሟን ይረግማሉ፣ አንዴ ራሳቸውን። የአንዱን ደንበኛ እጅጌ በሌላው ኮት ላይ ገጥመው ተሳቀባቸው፤ አብረው ሳቁና ጓዳ ገብተው አለቀሱ።

ሐሙስ ከልጃቸው ጋር ሐኪሟ ፊት ሲቀመጡ አላስቻላቸውም።

«ዶክተር፣ ለውጥ ከሌላቸው ልጄን በከንቱ ለምን ታደክሟታላችሁ?»

ሐኪሟ አፍጥጣ አየቻቸው። ኋላ ገባት።

«ኧረ አባት! ልዩነት የላቸውም ማለቴ እኮ ነው! ሁለቱም ይሠራሉ፤ በሁለቱም ኩላሊቱ የተረፈለት ብዙ ነው። የሚለያዩት መውለድ ላይ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ጭራሹን መውለድ ሊያስቀር ይችላል። ክኒኑ ላይ እያለች ማርገዝ የለባትም እንጂ፣ በሽታው ሲረጋጋ መድኃኒቱን ቀይረን ልትሞክር ትችላለች። ለእሷ ክኒኑ ይሻላል።»

ጋሽ ሴንቲ ብድግ አሉ። «ሰማሽ? ሰማሽ ወይ ልጄ?»

ልጅቷ አልተነሳችም። ባዶ የቀለበት ጣቷን ታሻለች።

«አባዬ፣ ትናንት ቀለበቱን ለእጮኛዬ መለስኩለት እኮ። መድኃኒቱ ለውጥ ከሌለው ከእኔ ጋር ምን ያደርጋል ብዬ።»

ጋሽ ሴንቲ ይሳቁ ያልቅሱ ጠፋቸው። «ምነው ምላሴን በቆረጠው!» አሉ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ኪሳቸው ከተቱና ወደ በሩ ሄዱ።

«የልጁ ቤት በየት በኩል ነበር ያልሽኝ?»