ወደ መናኸሪያ የሄደው አግዳሚ ወንበር

ዛሬ ጠዋት የሰፈራችን መናፈሻ ገብቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ከማለቴ ከሥሬ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሰማሁና ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። የበሰበሰ እንጨት፣ የዝገትና የእርጥብ ሣር ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን ሞላው። አጠገቤ ስልኩን ሲነካካ የነበረ ወጣት ቀና ብሎ፣ "ምን ነከሰዎት?" አለኝ። "ወንበሩ" አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ተመልሼ ግን አልተቀመጥኩም። የተገነጠለውን አጥር ስነካካ፣ ወዲያ ወዲህ ስል አረፈድኩ።

አሰላን የምታውቅ ከሆነ ክረምት ሲወጣ ሣሩ ምን እንደሚሆን አልነግርህም። በልጅነቴ የመናፈሻችን ሣር ደግሞ ልዩ ነበር። አንዲት ዶሮ ገብታበት ከሦስት ወር በኋላ ልጆቿን ድራ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ሁሉ ሣር የሚያጭዱት አንድ ሰው ነበሩ፤ በሩ ሥር በቆርቆሮ ክፍል የሚኖሩት ሽማግሌ ጠባቂ። ማጭዳቸው ከመሳል ብዛት የጆሮ ጉትቻ አክሎ ነበር። ሌላ እንዲሰጣቸው መናፈሻውን ለሚያስተዳድረው የሰፈር ኮሚቴ ስንት ጊዜ አመለከቱ። ኮሚቴው ግን ማህተም እንጂ ማጭድ አልነበረውም። አጥር ሲወድቅ ማህተም፣ ወንበር ሲበሰብስ ማህተም።

ይኸው ኮሚቴ አንድ ቀን በማለዳ፣ "ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ መጥተን እናያለን፤ እንዲህ ዱር ሆኖ ካገኘነው ሌላ ጠባቂ እናመጣለን" ብሎ ላከባቸው። ሌላ ጠባቂ መጣ ማለት ሽማግሌው ከሥራውም ከቆርቆሮ ክፍሉም ወጡ ማለት ነው።

እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋ፣ አፌ አይዘጋ። አባቴ ባለጋሪ ነበር። የዚያን ቀን የጋሪው ጎማ ተንፍሶ ጎሚስታ ቤት ስለነበር ፈረሱ ሥራ ፈትቶ ቆሟል። ማንንም ሳልጠይቅ ፈትቼ ወሰድኩላቸው።

"ኦቦ፣ ባለ አራት እግር ማጭድ አመጣሁልዎት" አልኳቸው።

ሽማግሌው ፈረሱን አዩ፤ ቀጥሎ ጽጌረዳቸውን አዩ። በጀሪካን ውሃ እያመላለሱ ያሳደጉት ነው። በዚያ መናፈሻ ውስጥ ሰው እንዳለ የሚያስታውቀው እሱ ብቻ ነበር።

"አበባዬን ከነካ፣ ወላሂ፣ የቀረውን ሣር አንተን ነው የማስግጥህ" አሉ።

ፈረሱ እስከ እኩለ ቀን የበሩን ፊት ምንጣፍ አስመሰለው። የዙሁር አዛን ሲሰማ ሽማግሌው፣ "ሰግጄ እስክመለስ ገመዱን እንዳትለቅ" ብለውኝ ወደ መስጊድ ሄዱ። ሰው ገመድ ይዞ ስንት ደቂቃ ይቆማል? እኔ አምስት ቆምኩ፤ በእኔ አቆጣጠር አምስት ዓመት ነው። ከዚያ ገመዱን አግዳሚው ወንበር ላይ አሰርኩና ተቀመጥኩበት። ወንበሩን እዚያ ያቆመው ችንካር ሳይሆን ልማድ እንደሆነ በምን አውቄ።

ያም ባልከፋ። ሲሰለቸኝ ጊዜ እንደ አባቴ ምላሴን ጠቅ ጠቅ አደረግኩ። የጋሪ ፈረስ ደግሞ ከኋላው ሰው ተቀምጦ ምላሱን ካጮኸ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም አያውቅም። ጆሮውን አቁሞ ተነሳ። ወንበሩ ከሥሩ ተነቀለ፤ እኔም ከነወንበሬ ተከተልኩ። ጽጌረዳውን መሃል ለመሃል ሰንጥቀን፣ አጥሩ በተገነጠለበት ወጥተን፣ አስፋልቱን ይዘን ወደ መናኸሪያ። እንጨቱ አስፋልት ላይ ሲፋቅ ጩኸቱ ጢቾ ድረስ ተሰምቷል። መንገድ ዳር የቆሙ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አነሱና፣ "ልጄ፣ መናኸሪያ ነህ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው።

"ጠጋ በልልኛ።"

ይህን ለሰው ስተርክ ሁልጊዜ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ሰው ይስቃል፣ ሻይ ይታዘዝልኛል። ዛሬ ግን ያ የጠዋቱ ሲጢጥታ ዕረፍት ስለነሳኝ ልጨርስልህ።

ፈረሱን እንደምንም አስቁሜ ፈታሁትና፣ እሱን ከፊቴ እየነዳሁ ወንበሩን እየጎተትኩ ስመለስ ሽማግሌው አበቦቹ መሃል ቆመዋል። የተሰበረ ጽጌረዳ ሽታው ይበረታል።

"ተጎዳህ?" አሉኝ።

"አልተጎዳሁም።"

"ፈረሱስ?"

"እሱም ደህና ነው።"

ወዲያው ኮሚቴው ደረሰ። ሊቀመንበሩ ሣር የሚግጠውን ፈረስ፣ የተነቀለውን ወንበርና የተረገጠውን አበባ አይቶ፣ "ይሄን ያደረገው ማነው?" አለ።

አፌን ከፈትኩ። እመነኝ፣ ከፍቻለሁ። በሰፈራችን ከእኔ ቀድሞ የሚያወራ ሬዲዮ እንኳ አልነበረም። ግን ፈረሱን ከአባቴ ይወስዱታል ብዬ ፈራሁ። ከፈረሱም ይልቅ አባቴን ፈራሁ። አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

"ፈረሱን እኔ ነኝ ያስገባሁት" አሉ ሽማግሌው።

"የማን ፈረስ ነው?"

"ሣር አይቶ የመጣ ፈረስ ነው። የማን ነህ ብዬ አልጠየቅኩትም።"

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። "እንግዲያው ነገ ጠዋት ቁልፉን ያስረክቡን" አለና ሰዎቹን አስከትሎ ወጣ። ወንበሩ እንዴት በአንድ ፈረስ ተነቀለ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ዕቃቸውን ሊሸክፉ የሚገቡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን አበቦቹ መሃል ተቀመጡ። ከጋቢያቸው ጫፍ ክር እየመዘዙ፣ በእያንዳንዱ የተሰበረ ግንድ ጎን ስንጥር እየደገፉ ማሰር ጀመሩ፤ ልክ የእግር ስብራት እንደሚጠግን ወጌሻ። በማግስቱ ጎበሳ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። አበባውን ከዚያ ወዲያ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

አጠገባቸው ተንበረከክኩ። "ኦቦ፣ መናገር የነበረብኝ እኔ…"

"ቀና አድርገህ ያዛት" አሉኝ። "ከዘመመች ክሩ አይጠብቅም።"

ያዝኩ። እሾሁ አውራ ጣቴን ወጋኝ፤ አልለቀቅኩም። አንዷን አስረን ወደ ሌላዋ ስናልፍ ፀሐዩ የጭላሎን ተራራ ወደኋላ ትቶ ወደ ምዕራብ ዘቀዘቀ፤ የሽማግሌው ዓይን ደከመ። አንዴ ክሩን ሲጠመጥሙ ጣቴንም ከግንዱ ጋር አብረው አሰሩት። ጎንበስ ብለው አዩት።

"ይቺ ደግሞ መቼ በቀለች?" አሉ።

መሳቅ ፈልጌ አቃተኝ። ክሩን ቀስ ብለው ፈቱልኝ።