ባርናቢ ትሬል የሰፋው ጉብጠት

ባርናቢ ትሬል ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ባለው ተውኔት ቤታችን ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፍቷል። ከተወለደ ጀምሮ ጎባጣ ነው። እርጉዝ ሴቶች መንገድ ላይ ሲያዩት፣ ፅንሱ እሱን እንዳይመስል ሐኪም በመከረው መሠረት ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። ከሰዓት በኋላ እነዚያው ሴቶች መልከ መልካሙ ኦስዊን ፔል ባርናቢ የሰፋለትን የሱፍ ጉብጠት አዝሎ ክፉውን መስፍን ሲጫወት ለማየት ከፍለው ይጋፋሉ። ፅንሱ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለያል ማለት ነው!

በዚያ ሰሞን የአዲሱ ተውኔት ጽሑፍ በሣጥኑ ውስጥ እንዳለ እየከሳ ሄደ። ዛሬ አራት ገጽ፣ ነገ ስድስት። ሌላ ቅጂ የለውም። ከመንገዱ ባሻገር ያሉት ተቀናቃኞቻችን የእኛን ቀልድ ከእኛ ቀድመው ቀለዱት። ሁላችንም ተጠራጠርን፤ ድመቷን ሳይቀር ፈተሽናት። በመጨረሻ ዓይን ሁሉ ባርናቢ ጀርባ ላይ አረፈ።

አለቃችን ግሪምስቢ ሐኪም አስጠሩ። ሐኪሙ የባርናቢን ሽንት በብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ ባሕር እንደሚያቋርጥ መርከበኛ በአንድ ዓይኑ አየው።

«ጥቁር ሐሞት በዝቶበታል! ሰውነቱ የጠመመ፣ ልቡም የጠመመ ነው። ሌባችሁ ይሄ ነው።»

«ጌታዬ፣ ጠዋት የጠጣሁት ጥቁር ቢራ ነው» አለ ባርናቢ።

«ዝም በል፣ አንተ ባለሻኛ!» አለ ለመድረክ የለበሰው ኦስዊን፣ በሳቅ እየተንፈራፈረ።

«መርፌህን ሰብስብና ውጣ» አሉ ግሪምስቢ።

ባርናቢ ፊቱ ገረጣ። ጎባጣ ልብስ ሰፊ የሚቀጥር ሌላ ቤት የለም፤ የሚቀረው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። መርፌውን ማንሣት ጀምሮ ግን ድንገት ቆመ።

«ኦስዊን፣ እስቲ ድገመው።»

«ምኑን?»

«ሳቁን። ጀርባህ ተንኮሻኮሸ። እኔ የሞላሁበት ሱፍ ነው፤ ሱፍ ደግሞ አይንኮሻኮሽም።»

ኦስዊን ወደ በሩ ሸሸ። ባርናቢ ግን ስፌቱ የት እንደሚላላ ያውቃል፤ ከኋላው ደርሶ በመቀስ አንዴ ቆረጥ ሲያደርገው ሁለተኛው ገቢር በሙሉ መሬት ላይ ተዘረገፈ።

ሐኪሙ አላፈረም። «ይኸው! ጉብጠት ሲያዝል ጥቁሩ ሐሞት ተጋባበት» አለና ብርጭቆውን አጥቦ ሄደ።

ኦስዊን ተባረረ፣ ባርናቢ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ግን ግሪምስቢ፣ ባርናቢ ከሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ያስቆሙትና ጆሯቸውን ጀርባው ላይ ይለጥፋሉ።

«ምን ይላል፣ አለቃ?»

«ምንም አይል።»

«ሃያ ሁለት ዓመት የነገርኩዎት ይህንኑ ነው» ይላል ባርናቢ፣ ኮቱን እየቆለፈ።